በ3 ሰዓት ብዬ በ9 ሰዓት የገባሁበት አምባ

ዓርብ፣ ግንቦት 16 ቀን 2016፤ ከለንደን ወደ ኤዲንብራ

ለንደን ከገባሁ 11 ዓመት ሆነኝ። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ስኮትላንድን የማውቃት በቴሌቪዥን የአየር ትንበያ ብቻ ነበር። ካርታው አናት ላይ ያለች፣ ዝናብ የማይለያት ቦታ። ጠሪ አጥቼ አይደለም። ደሴ ፒያሳ ጎረቤታችን የነበሩት እትዬ፣ የእናቴ ቡና አጣጭ፣ ኤዲንብራ ከገቡ 20 ዓመት አልፏቸዋል። በየፋሲካው ይደውሉና "አፍንጫህ ሥር ሆኜ አንድ ቀን እንኳን ብቅ አትልም? ስሞት ልትመጣ ነው?" ይሉኛል። ዘንድሮ ሥራ ቦታ ፈረቃ ተቀያየርኩና አራት ቀን አገኘሁ። ሰበብ አለቀብኝ።

የባቡር ቲኬት ደርሶ መልስ 96 ፓውንድ። ከወር በፊት ቢቆረጥ በግማሽ ያልቅ ነበር አሉኝ። ከወር በፊት የት እንደምንውል ብናውቅ ኖሮ ስንቱ ነገር በግማሽ ባለቀልን!

መንገዱ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከኒውካስል በኋላ ሐዲዱ ባሕሩን ተጠግቶ ይሄዳል። ሰው ሁሉ የሚያወራለት እሱን ነው። ወደ ሰሜን ሲኬድ ባሕሩ በቀኝ ነው፣ እኔ የያዝኩት ወንበር በግራ። በቀኝ ያሉት ስልካቸውን መስኮት ላይ ለጥፈው ሲቀርጹ ለኔ የደረሰኝ በግና የድንጋይ ካብ ነው። የምትሄዱ ካላችሁ በቀኝ ያዙ።

ዮርክን እንዳለፍን ባቡሩ ቀጥ አለ። የመብራት ምልክት ተበላሽቷል ተባለ። አንድ ሰዓት ከሩብ ሜዳ ላይ ተገተርን። ራበኝ። ቦርሳዬ ውስጥ የቋንጣ ፍርፍር ነበር። ጊዜው በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ዓርብም ፍስክ ነው፤ በሃይማኖቱ በኩል ችግር የለም። ችግሩ ሽታው ነው። ክዳኑን ከፈት ሳደርገው ፉርጎው በሙሉ ዞረ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት አሮጊት ግን ፈገግ ብለው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ቅመሱ ስላቸው አላቅማሙም፤ በሹካ ጫፍ ቀመሱ። ከዚያ ውሃቸውን አንስተው እስከ ግማሹ ጠጡና "ደስ ይላል" አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ጨዋ ሰው ናቸው።

ኤዲንብራ ጣቢያው የተሠራው ሸለቆ ውስጥ ነው። ከባቡር ወርደህ ደረጃውን ስትወጣ መጀመሪያ የሚቀበልህ ነፋሱ ነው። ቀጥሎ ግንቡ። ከተማው መሐል፣ ከሱቆቹና ከአውቶቡሶቹ አናት ላይ፣ ጥቁር ዓለት ቀጥ ብሎ ቆሟል። ግንቡ ከላዩ ላይ። የቱ ጋ ዓለቱ አልቆ የቱ ጋ ግድግዳው እንደሚጀምር ከታች ሆኖ መለየት ይከብዳል። ሻንጣዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ከኋላዬ የሚመጡት እየገፉኝ አለፉ።

እትዬ የሚኖሩት ወደቡ አካባቢ ሊዝ በሚባለው ሰፈር ነው። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። በሩ ላይ አቅፈውኝ አለቀሱ፣ ከዚያ ከሳህ አሉኝ፣ ከዚያ ዶሮ ወጥ ቀረበ። እንጀራው የራሳቸው ነው። ልጃቸው እዚሁ የተወለደች የ17 ዓመት ልጅ ናት። ሚጡ እንበላት። አማርኛ ሁሉም ይገባታል፤ ሲወጣ ግን በስኮትላንድ ዜማ ነው። "ር" የምትለውን ፊደል እንደሷ የሚያንከባልላት ሰው ሰምቼ አላውቅም።

"ጋሼ፣ የግንቡን ቲኬት በኦንላይን ልያዝልህ? በር ላይ ይወደዳል" አለችኝ።

"ልያዝልዎት በይ" አሉ እናቷ ከኩሽና።

"ተይዋት እትዬ። ያዢልኝ ሚጡዬ፣ ለነገ በ3 ሰዓት።"

ስልኳን ሁለቴ ሦስቴ ነካ ነካ አደረገችና አበቃ። 20 ፓውንድ ገደማ። ጠዋት ገብቼ ፀሐይ ሳይበረታ ልጨርስ ነው ሐሳቤ። ፀሐይ ማለቴ ይገርመኛል።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 17፤ ጠዋት

ስነቃ መስኮቱ ነጭ ነው። ማዶ ያለው ሕንፃ የለም፣ መንገዱም የለም። ከባሕሩ የሚመጣ ጉም ነው፤ እነሱ ሃር ይሉታል። በፀደይ በተለይ ይበዛል። የደሴ ልጅ ስለሆንኩ ጉም አያስደነግጠኝም። የጦሳ ተራራ ጠዋት ጠዋት እንዲህ ሲጠፋ ነው ያደግነው። እትዬ ቡና እየቀዱ "እኔ እኮ እዚህ አገር የለመድኩት በዚህ ጉም ነው" አሉ። "ጠዋት መጋረጃ ስገልጥ ደሴ የነቃሁ ይመስለኛል። ዘጠኝ ወር ሙሉ እንዲህ ነው። የቀረችው ሦስት ወር ናት ሰው አገር መሆኔን የምታስታውሰኝ።"

በአውቶቡስ 2 ፓውንድ ከፍዬ ሄድኩ። ልክ በ3 ሰዓት፣ ማለትም በነሱ 9፣ በሩ ላይ ደረስኩ። ተዘግቷል። የሚከፈተው በ3 ተኩል ነው። ጠበቅኩ። ሲከፈት ስልኬን ዘረጋሁ። ዘበኛው አየት አደረገና "ጌታዬ፣ የእርስዎ ከሰዓት ነው" አለኝ። ቲኬቱ ላይ የተጻፈው 15:00።

ሚጡ ምን ታድርግ? ሦስት ሰዓት አልኳት፣ ሦስት ሰዓት ያዘች። ለሷ ሦስት ሰዓት ማለት ከምሳ በኋላ ነው። ከ11 ዓመት በኋላም አፌ ላይ ያለው ሰዓት የደሴ ሰዓት ነው። ደውዬ ስነግራት መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥሎ በሳቅ ፈነዳች። "ማሚም ሁሌ እንደዚህ ነው የምታደርገኝ!"

አምስት ሰዓት ተኩል ሙሉ ምን ይሠራል? ከግንቡ በር ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ሮያል ማይል ይባላል፤ ወደ 1.8 ኪሎ ሜትር ሄዶ ከታች ንጉሡ ሲመጡ የሚያርፉበት ቤተ መንግሥት ላይ ያልቃል። መንገዱ ራሱ የቱሪስት ሱቅ በሱቅ ነው፤ የበግ ፀጉር ሻርፕ፣ ቀሚስ የለበሰ ቴዲ ቤር። አንድ ሰውዬ ጥግ ላይ ቆሞ የነሱን የቆዳ ከረጢት እምቢልታ ይነፋል። ከሩቅ ሲሰሙት አንጀት ይበላል። በሁለት ሜትር ርቀት ግን ጆሮ ይበላል። እኔን ያስደሰቱኝ ከግራና ከቀኝ ያሉት ስርጥ መንገዶች ናቸው። ትከሻህ ግድግዳውን እየነካ የምታልፍባቸው፣ ቁልቁል በደረጃ የሚወርዱ፣ ጫፋቸው ላይ ድንገት ሰማይ የሚታይባቸው። በአንዱ ገብቼ በሌላው ስወጣ ጠዋቱ አለቀ።

ምሳ ሃጊስ ያዘዝኩት ሚጡ "ካልበላህ አልመጣህም ማለት ነው" ስላለችኝ ነው። 14 ፓውንድ ተኩል። የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ይከተፋል፣ አጃና ሽንኩርት ይገባበታል፣ ጨጓራው ውስጥ ተሞልቶ ይቀቀላል። አስተናጋጁ እየተጠነቀቀ አስረዳኝ። ቱሪስት የሚሸሽበት ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ልጄ፣ እኔ እኮ ዱለት እየበላሁ ነው ያደግኩት! ቀመስኩት። ቁንዶ በርበሬ አለው፣ ለስለስ ያለ ነው፣ ከጎኑ የተፈጨ ድንችና ቢጫ ነገር አለ። ባጭሩ ሚጥሚጣና ቅቤ የተረሳበት ዱለት ነው። አልጠላሁትም። ሳህኑን ጠርጌ ስመልስለት አስተናጋጁ የመድኃኔ ዓለምን ተአምር ያየ መሰለ።

ከምሳ በኋላ ከግንቡ ሥር ካለው መናፈሻ ውስጥ ሻይ ይዤ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ጉሙ መግፈፍ ጀምሯል። ድንገት ከአናቴ በላይ ድው! አለ። ሻዩ ጉልበቴ ላይ። አጠገቤ የነበሩት ጃፓኖች ብድግ አሉ። ውሻዋን የምታናፍሰው ሴትዮ ግን ዘወር እንኳን አላለችም፤ የእጅ ሰዓቷን አየት አድርጋ መንገዷን ቀጠለች። ውሻውም እንደዚያው። ኤዲንብራ ውስጥ ባላገርና እንግዳ የሚለየው በዚህ ነው።

የአንድ ሰዓቱ መድፍ ይሉታል። ከእሁድ፣ ከስቅለትና ከገና በስተቀር በየቀኑ በነሱ ከሰዓት 1፣ በኛ 7 ሰዓት ላይ ይተኮሳል። የተጀመረው በፈረንጆቹ 1861 ነው። ወደቡ ላይ ያሉ መርከበኞች ሰዓታቸውን ትክክል እንዲሞሉ ከዚያ በፊት ማዶ ካለው ኮረብታ ላይ ኳስ በእንጨት ላይ ወጥቶ ይወርድላቸው ነበር። ጉም ሲሆን ኳሱ አይታይማ። ስለዚህ መድፍ። እትዬ ቤትም ምሳ የሚቀርበው መድፉ ሲተኮስ ነው። በር ላይ ሰዓት ያሳሳተኝ አገር ይኸው ሰዓቴን በመድፍ አረመልኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት፤ ግንቡ

በ9 ሰዓት (አሁን በኛ ነው የምላችሁ) በሩን አለፍኩ። ዘበኛው ያው የጠዋቱ ነው። "በሰዓትዎ መጡ" አለኝ። በሩ ግራና ቀኝ ሁለት ሐውልት አለ፣ ዋላስና ብሩስ። ሁለቱም እንግሊዝን የወጉ ናቸው።

ዓለቱ የጠፋ እሳተ ገሞራ ጉሮሮ ነው። ከ350 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጉሮሮው ውስጥ የረጋው ድንጋይ ጠነከረ። በኋላ የበረዶ ግግር ከምዕራብ እየገፋ መጥቶ ዙሪያውን ሲግጠው እሱ አልነቃነቅ አለ። በሦስት በኩል ገደል፣ በምሥራቅ በኩል ብቻ እንደ ጅራት የተዘረጋ ተዳፋት። ጠዋት ስመላለስበት የዋልኩት መንገድ ጅራቱ ላይ ነው። ከፍታው ከባሕር በላይ 130 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ላደገ ሰው ተራራ ነው ለማለት ያስቸግራል። ግን አምባ ነው። አምባ አምባነቱ በቁመቱ አይደለም፣ በአወጣጡ ነው።

ይህን ያስተማሩኝ አባባ ናቸው። የታሪክ አስተማሪ ነበሩ። በ14 ዓመቴ ክረምት ሊገባ ሲል መቅደላን ላሳይህ ብለው ይዘውኝ ሄዱ። ከደሴ በኩታበር በኩል፣ በተንታ አጅባር ድረስ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በእግር። ጫማዬ ተቀደደ። ላይ ስንደርስ ሰው የለም፣ ሳርና ነፋስ ብቻ። እና እሷ፣ ሴቫስቶፖል። አንድ እረኛ ልጅ ተቀምጦባታል። አባባ ልጁን ሰላም አሉና "በስንዝር ለካት" አሉኝ። ለካሁ። ቁጥሩን ረስቼዋለሁ። ብረቱ በፀሐይ ግሎ መዳፌን እንዳቃጠለኝ ግን አልረሳም።

እዚህ ግንቡ ውስጥ ሽቅብ 70 ደረጃ ወጥቼ ጫፉ ላይ ስደርስ፣ ከአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት፣ ሌላ መድፍ ተቀምጣለች። ሞንስ ሜግ። የመጣሁት ስለሷ አንብቤ አይደለም። ድንገት ነው ያየኋት፤ እግሬ ቆመ።

60 ኩንታል። አሁን ቤልጅግ ውስጥ ባለችው ሞንስ በፈረንጆቹ 1449 ተሠርታ፣ በ1457 ለስኮትላንዱ ንጉሥ ለዳግማዊ ጄምስ ከሚስቱ አያት ወንድም የተላከች ስጦታ ናት። አንድ ኩንታል ተኩል የሚመዝን የድንጋይ ጥይት ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ትወረውር ነበር። ቀርባችሁ ስታዩዋት አንድ ወጥ አይደለችም። ረጃጅም የብረት ዘንጎች ጎን ለጎን ተደርድረው በብረት ቀለበት ታስረዋል፣ ልክ እንደ በርሜል። ከጎኗ ቀለበቱ የተፈነቀለበት ቦታ አለ፤ ጣት ያስገባል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለአንድ መስፍን ክብር ስትተኮስ ፈነዳች፤ ከዚያ ወዲህ ዝም እንዳለች ነው። አፏ ሰው ጭንቅላቱን የሚያስገባው ይሆናል። አንዲት ሕፃን አስገብታ "ሃሎ" ስትል አየሁ። ድምጿ ከውስጥ ወፍሮ ተመለሰ።

ሰዉ ቀለል ሲል መዳፌን ዘርግቼ በስንዝር ልለካት ጀመርኩ። ስምንተኛው ላይ የምትጠብቀው ሴትዮ ጉሮሮዋን ጠረገች። እጄን ሰበሰብኩ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው።

ሴቫስቶፖል 70 ኩንታል ናት። ጋፋት ላይ ቀልጣ ፈስሳ፣ በአፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በሰው ትከሻና በጠፍር ተጎተተች። መንገዱ እየተቆረጠላት፣ ገደል እያወረዱ፣ ገደል እያወጡ። ስሟንም ያገኘችው ያኔ የዓለም ወሬ ከነበረው የክራይሚያ ጦርነት ከተማ ነው። ሞንስ ሜግም በበሬ ስትጎተት ቀን ሙሉ ተሄዶ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር የምትራመደው። የነገሥታት ፍላጎት ሁሉም ዘንድ አንድ ነው፤ ትልቅ ነገር፣ ሩቅ ቦታ፣ የሌላ ሰው ትከሻ።

ሌላ ነገር ደግሞ ከጎኗ ያለው ጽሑፍ ላይ አነበብኩ። በ1754 እንግሊዞች ወደ ለንደን ወሰዷት። ስኮትላንዶች እየጠየቁ፣ እየጻፉ፣ እየተማጸኑ በ1829 መለሷት። 75 ዓመት። ስትመለስ በሰልፍና በሙዚቃ አጅበው ነው ያስገቧት።

ከፊቷ ያለችው ቤተ ክርስቲያን የቅድስት ማርጋሬት ናት። 12ኛው ክፍለ ዘመን፣ በከተማው ካሉ ሕንፃዎች ሁሉ ያረጀች። ብዙ ሰው አትይዝም። አበባ ነበረባት። የሚያስቀምጡት ማርጋሬት የሚባሉ ሴቶች ናቸው አሉ፣ ተራ ይዘው። ወደድኩት። የኛ የጽዋ ማኅበር ሴቶች ትዝ አሉኝ።

የዘውዱ ክፍል ውስጥ ፎቶ ክልክል ነው። ዘውዱ፣ በትሩና ሰይፉ በመስታወት ውስጥ። ዘውዱ አሁን የያዘው ቅርጽ ከ1540 ነው። ስኮትላንድና እንግሊዝ በ1707 አንድ ሲሆኑ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ተረሳ። ከ100 ዓመት በላይ አልፎ በ1818 ሣጥኑ ሲከፈት ከነጨርቁ ተገኘ። እኔ የጓጓሁት ግን ድንጋዩን ለማየት ነበር፤ ነገሥታቱ የሚቀቡበት ድንጋይ። የለም። ዘንድሮ መጋቢት ላይ ፐርዝ ወደሚባል ከተማ ሙዚየም ወስደውታል። ዘንድሮውኑ! ዕድሌ ነው። እሱም ኩንታል ተኩል ይመዝናል፣ ልክ እንደ ሜግ ጥይት። የእንግሊዙ ኤድዋርድ በ1296 ማርኮ ወስዶት ለንደን የዘውድ ወንበር ሥር አኖረው። በ1950 የገና ሌሊት አራት የግላስጎ ተማሪዎች ሰርቀው አመጡት፤ ከወራት በኋላ ተመለሰ። በመጨረሻ መንግሥት ራሱ በ1996 መለሰላቸው። 700 ዓመት ሞላው።

እዚያ ክፍል ውስጥ ቆሜ ለንደን ያለውን ዘውድ አሰብኩ። ሳውዝ ኬንሲንግተን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ፣ ከመቅደላ የመጣው የወርቅ ዘውድ። ከቤቴ በባቡር 35 ደቂቃ ነው፤ መግቢያው ነጻ። ሲከፋኝ ሄጄ አየዋለሁ፣ ሄጄ ሳየው ደግሞ ይከፋኛል። በኛ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ስትወድቅ ከአምባው የወረደውን ዕቃ ለመጫን 15 ዝሆንና ወደ 200 በቅሎ አስፈልጓል። በፈረንጆቹ 2018 የሙዚየሙ ኃላፊ ለረጅም ጊዜ በውሰት ልንሰጣችሁ እንችላለን አሉ። ውሰት! የራስን ምንቸት ከጎረቤት መዋስ። እዚህ 26 ጊዜ የተከበበ ግንብ ውስጥ የተወሰዱት ሁለቱም፣ መድፏም ድንጋዩም፣ ተመልሰዋል፣ በስምምነት፣ በሰልፍ። መዋስ የሚል ቃል ጽሑፉ ላይ አላየሁም።

ወጣሁ፤ ሙቀት ፈልጌ ሻይ ቤቱ ገባሁ። ሻይና አንድ ስኮን 8 ፓውንድ ከ40። ተናደድኩ፣ በላሁት።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ዞርኩት። በ1566 አንድ ንጉሥ የተወለደባትን ክፍል አየሁ። ደሴ የነበረኝን የኪራይ ክፍል ታክላለች፣ ጣሪያዋ ይበልጣል። የውሃ ጉድጓዱ 34 ሜትር ነው። በ1573 ከላይ የነበረው ማማ በመድፍ ፈርሶ ጉድጓዱን ደፈነው፤ ውሃ ያጣ አምባ ደግሞ አምባ አይደለም፣ እጅ ሰጡ። ከታች ባለው የእስረኞች ቤት በ1811 49 ሰዎች ግድግዳውን በስተው በገመድ ወርደዋል። ቁልቁል ሲታይ ደግሞ የውሻ መቃብር አለ፣ የወታደሮቹ ውሾች፣ ከነስማቸው በድንጋይ ተጽፎ። ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ላክሁላት። "በስመ አብ" ብላ መለሰች።

አንድ ታሪክ ብቻ ልጨምር። በ1314 ግንቡን እንግሊዞች ይዘውታል። ከስኮትላንዶቹ መሐል አባቱ ግንቡ ውስጥ ያገለገለ አንድ ሰው ነበር። በወጣትነቱ ከተማ ያለች ልጅ ወድዶ ማታ ማታ በሰሜኑ ገደል እየተንጠለጠለ ይወርድ ነበር ይባላል። መንገዱን ስለሚያውቅ 30 ሰው አስከትሎ በሌሊት ወጣና ግንቡ ተያዘ። በሰሜኑ በኩል አጎንብሼ አየሁት። ነፋሱ ኮፍያዬን ሊወስደው ደረሰ። ያቺ ልጅ ቆንጆ መሆን አለባት።

በ12 ሰዓት ደወል ተደውሎ ውጡ ተባልን። ውጭው ገና ቀን ነው። በዚህ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው በኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

እሁድ፣ ግንቦት 18፤ ደጁን መሳለም

ጠዋት እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው "ተነስ፣ አንድ ቦታ ላሳይህ" አሉኝ። በአውቶቡስ ወደ ከተማው ምዕራብ ጫፍ ወሰዱኝ። ከግንቡ ሥር፣ መንገዱ ጥግ ላይ፣ ሴንት ጆንስ የሚባል የነሱ ቤተ ክርስቲያን አለ። እትዬ ደረጃው ላይ ቆሙ፣ አማተቡ፣ ደጁን ተሳለሙ። ግንባራቸውን ድንጋዩ ላይ አስደግፈው ረጅም ጊዜ ቆዩ። ብስክሌት የሚነዳ ልጅ ዞሮ ዞሮ አየን።

ከመቅደላ ከወረደው ንብረት አንድ ታቦት እዚህ ነበር። አንድ መኮንን ይዞት መጥቶ ለዚህ ቤተ ክርስቲያን ሰጠው። ቁም ሣጥን ውስጥ ከ130 ዓመት በላይ ተቀመጠ። በፈረንጆቹ 2001 አንድ የዚሁ ቤተ ክርስቲያን ካህን አገኙት። ኢትዮጵያ ሄደው ስለሚያውቁ ምን እንደሆነ ገባቸው። ሙዚየም አልጠሩም፣ ውሰት አላሉም። ይመለስ አሉ። በፈረንጆቹ 2002 አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ በእልልታ ጎዳናውን ሞልቶ ተቀበለው።

"እኔ የመጣሁት በዓመቱ ነው" አሉ እትዬ። "ሳልደርስበት ሄደ። ግን አልከፋኝም። እሱ አገሩ ገባ፣ እኔ መጣሁ። ተቀያየርን።" ሳቁ። ከዚያ መሐረባቸውን አወጡ።

ምሳ ዘገየ። እሁድ መድፍ የለማ።

ማታ ከሚጡ ጋር ካልተን ሂል የሚባለው ኮረብታ ላይ ወጣን። አናቱ ላይ የግሪክ ቤተ መቅደስ የሚመስል 12 ምሰሶ ቆሟል። በ1826 ጀምረውት በ1829 ገንዘብ አለቀና ቆመ። ከ190 ዓመት በላይ ጅምር! ሚጡን "ደሴ መጥተሽ ብረቱ ያገጠጠ ጅምር ፎቅ ስታዪ እንዳትስቂ" አልኳት። ፀሐይዋ እየወረደች ነበር። ሚጡ ጣቷን ወደ ግንቡ ቀስራ "መቅደላ እንዲህ ይመስላል?" አለችኝ። ከተማውን አንሺለት፣ ሱቁን አንሺለት፣ መብራቱን አጥፊው፣ አልኳት። አንድ ዓይኗን ጨፍና በመዳፏ የታችኛውን ከተማ ሸፈነችው።

ሰኞ፣ ግንቦት 19፤ መልስ

እትዬ ድርቆሽ፣ ሽሮና ሁለት ጠርሙስ አይረን ብሩ ጠቅልለው ሰጡኝ። አይረን ብሩ የነሱ ብርቱካናማ ለስላሳ ነው፤ ጣዕሙ የልጅነት የሳል ሽሮፕ። ሻንጣዬ ከመጣሁበት ከበደ። በዚህኛው ጉዞ ባሕሩ በግራ ነበር፤ እኔም በግራ ነበርኩ። እንቅልፍ ወስዶኝ አመለጠኝ።

ለንደን ስደርስ ጣቢያው ጋ ካለ ሱቅ ውሃ ገዝቼ የኤዲንብራ መልስ የሆነች 20 ፓውንድ ሰጠሁ። የስኮትላንድ ባንኮች የራሳቸውን ብር ያትማሉ፣ ያው ፓውንድ ነው። ልጁ ገልብጦ አየ፣ ወደ መብራቱ አነሳት፣ መለሰልኝ። "ይሄ እዚህ አይሠራም።" ባለቤቱን ጠራልኝ፤ እሱም አልቀበልም አለ። ውሃውን በካርድ ከፈልኩ። ብሯ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ ናት።

ማታ አባባ ደወሉ። ፎቶዎቹን በቴሌግራም ልኬላቸው ነበር። ስለ ዘውዱ አልጠየቁኝም፣ ስለ ንጉሡ ክፍልም።

"የመድፏ ክብደት ስንት ነው?"

"60 ኩንታል።"

ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "አባባ?" አልኩ።

"አለሁ። በ10 ታንሳለች በለኛ።"

"ታንሳለች።"

"ከሥሯ ጎማ አድርገውላታል።"

"አዎ። ጥቁር ቀለም ተቀብታለች፣ ዘበኛም አላት።"

"የኛዋ ላይ ፍየል ትተኛለች" አሉ። ከዚያ ለንደን ዝናብ አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ።